ስለ ስንዴ ብቻ

ይህ ጽሑፍ ስለ ስንዴ ነው። ሌላ ነገር የጠረጠረ አንባቢ ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል። ዓመተ ምሕረቱም በፈረንጅ ነው።

የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞዞሞች አሉት። ከሦስት የሣር ዘሮች መጥተው በአንድ ጎጆ ይኖራሉ። ዘር የሚከፈልበት ጊዜ፣ ሜዮሲስ የሚሉት፣ ሲደርስ እያንዳንዱ ጥንዱን ፈልጎ ይይዛል፤ 21 ጥንድ ሆነው ተሰልፈው በወግ ይለያያሉ። ወጉን የሚያስከብረው ፒኤች 1 የተባለ ዘበኛ ጂን ነው፤ ሥራው የታወቀው በ1958 ነው። ዘበኛው ሲጠፋ ሁሉም ያገኘውን ያንቃል። ጥንድ ያጣው መሀል ሜዳ ይቀራል፤ ከሁለቱም ጎራ የሚቀበለው ሲያጣ ለብቻው ትንሽ ኒውክለስ ይመሠርታል። ሊቀመንበሩም እሱ፣ አባሉም እሱ። የጎደለው ማኅተም ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው «አዲስ ነኝ» ሲል ትልቅ ሰው ሳይቀር ያምነዋል። የአምስተርዳሙ ፕሮፌሰር ሁጎ ደ ፍሪስ በ1900 የተረሳውን የሜንዴልን ሕግ ዳግም ካገኙት አንዱ ነው። እሱም በ1886 ሂልቨርሰም አጠገብ፣ ጦም ባደረ የድንች ማሳ ላይ ኤኖቴራ የተባለች ባለ ቢጫ አበባ ተክል አገኘ። ዘሯን ቢዘራ መልኩ የተለየ እየበቀለ አስቸገረው። ለእያንዳንዱ «አዲስ ዝርያ» እያለ ስም አወጣ፤ ሁለት ወፋፍራም ጥራዝም ጻፈ። ኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከተክሏ 14 ክሮሞዞሞች 12ቱ ተያይዘው ቀለበት ሠርተዋል። ከአዲሶቹ የሚበዙት የነባሮቹ የአከፋፈል ጉድ ነበሩ።

ሔግ ግን አልተታለለችም። አንድ የኔዘርላንድ ድርጅት በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት አስመዝግቦ ነበር። ጉዳዩ በሙግት ሲመጣ የከተማዋ ፍርድ ቤት በ2018 ፈጠራ የለበትም ብሎ ውድቅ አደረገው። ማኅተም መምታት ሌላ፣ መፍጠር ሌላ።

እኛስ? ከአምስተርዳም እስከ ሮተርዳም ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሽ ተከራይተን ስለ ዘር ስንሟገት እናመሻለን። ስለ ስንዴ ዘር ማለቴ ነው። አንድ ሆነን ገብተን ሦስት ሆነን እንወጣለን፤ የአዳራሹን ኪራይ የሚከፍል ግን አንድም አይገኝም። ሦስቱ ሣሮች አንዱ ሌላውን ሳይውጥ፣ ጥንዱንም ሳይቀማው አብረው ኖረው ዓለምን ዳቦ አበሉ። ጥንድ ያጣ የበዛበት ስንዴ ግን ከሩቅ ሲያዩት ይዘናፈላል፣ ቀርበው ሲያሹት ባዶ ነው።

ወገኖቼ፣ ለአዲስ ማኅበር እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ያለውን ዛላ እሹት።