ተዘቅዝቄ ወጣሁ

እኩዮቼ፣ ጉልበታችሁ እንዴት ነው? የኔን ተዉት። ልጄ ዘንድ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው፤ እዚህ ያየሁትን ጉድ ብነግራችሁ ጉልበታችሁን ትረሱታላችሁ።

ባለፈው እሑድ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ፣ የልጅ ልጄ ረከቦቱን ገፋ አድርጋ ካርታ ዘረጋች። ደስ አለኝ። ኮንከር ልንጫወት ነው ብዬ መነጽሬን ጠረግሁ። ለካስ ኮንከር የለም። «አባባ፣ ታሮት ነው፤ አንድ ምረጥ» አለችኝ። ምረጥ! አንቱታ እንኳን ድሮ ቀረ።

ድሮ ካርታ ካርታ ነበር። 52 ቅጠል፣ ሁለት ጆከር፣ አለቀ። ይኼኛው 78 ነው። ከዚያ ውስጥ 22ቱ የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ሞኙ፣ አስማተኛው፣ ሞት፣ ኧረ ዲያብሎስም አለበት። ቡና ላይ ዲያብሎስ! እኔ ደግሞ ጥንቆላ የሚባል ነገር በደጄ አያልፍም። የሠርጌን ቀን የቆረጡልኝ መሪጌታ ስሜንና የእናቴን ስም ፊደል በፊደል ቆጥረው፣ በ12 በ12 ገድፈው፣ አውደ ነገሥት ገልጠው ኮከቤን አይተው ነው። እሱ ሒሳብ ነው። አክስቴም ስኒ ገልብጣ ታይ ነበር፤ እሷ ግን አትስትም ነበር።

ብቻ ልጅቷን ላለማስቀየም አንዱን መዘዝኩ።

ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? ሽማግሌ! ግራጫ ካባ የደረበ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ በአንድ እጁ በትር የጨበጠ፣ በሌላው ፋኖስ ያነሳ፣ በረዷማ ተራራ ጫፍ ላይ ብቻውን የተገተረ። ፋኖሱ ውስጥ ክር የለ፣ ላምባ የለ፤ ባለ 6 ጫፍ ኮከብ ነው የሚበራው። ቁጥሩ 9፣ ስሙ ባሕታዊ። ወይ ባሕታዊ! እኛ የምናውቀው የዋልድባ ባሕታዊ ሰው ሲያይ ይሸሻል እንጂ ተራራ ጫፍ ወጥቶ ፋኖስ አያሳይም።

«አባባ፣ ተዘቅዝቆ ነው የወጣልህ» አለች የልጅ ልጄ። ሲዘቀዘቅ ትርጉሙ ይለወጣል አሉ፤ ከሰው መኮራረፍ፣ ግትርነት፣ ምክር አለመስማት። እኔ ግትር? ግትር ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን 40 ዓመት ብቻ ነው ያለችኝ።

በነገሩ ተናድጄ፣ ከካርታው ጋር የመጣውን መጽሐፍ አንብቢልኝ አልኳት። ለመቃወም ነው እንጂ ለማወቅ አይደለም። ለካስ ይኼም ካርታ በዱሮው ጊዜ ጨዋ ነበር! በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያን አገር፣ ሚላኖና ፌራራ፣ መሳፍንቱ የሚጫወቱበት ነበር፤ ለሚላኖ መስፍን በእጅ ተሥሎ፣ ወርቅ ተቀብቶ። ጥንቆላው የመጣው ስንት ዘመን ቆይቶ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1781 አንድ ፈረንሳዊ ተነሥቶ «ይኼ የጥንት ግብፆች ጥበብ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ማስረጃ አላቀረበ፣ የጠየቀውም የለ። ዛሬ የምታዩት ሥዕል በ1909 ለንደን ላይ የታተመው ነው፤ ትርጉሙን ዌይት የሚባል ሰውዬ አወጣ፣ ሥዕሉን ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሴት ሣለች።

ያናደደኝን ልንገራችሁ። በዚያ በጥንቱ ካርታ ሽማግሌው የያዘው ፋኖስ አይደለም፤ የአሸዋ ሰዓት ነው። ይኼ ነው የሽማግሌ ነገር! «ልጄ፣ አሸዋው እየፈሰሰ ነው» ይላል፣ ይበቃዋል። በኋላ የመጡት ሠዓሊዎች ሰዓቱን ነጥቀው ፋኖስ አስጨበጡት። ዌይት ደግሞ ሽማግሌው መንገድ የሚፈልግ ሳይሆን ለሚከተሉት የሚያበራ ነው አለ። እሺ፣ እሱስ ይሁን። የዘንድሮዎቹስ? «ለራስህ ጊዜ ስጥ» ማለት ነው ይላሉ። ለራስ ጊዜ! ማን ወስዶባቸው?

የልጅ ልጄ ለራሷ ስታወጣ ይኸው ሽማግሌ ቀጥ ብሎ ወጣላትና ሁለት ቀን ሙሉ ስልኳን አጠፋች። እኔ ስምንት ወር ሙሉ «ልጄ፣ ያንን ነገር አስቀምጪውና አረፍ በይ» ስል ማን ሰማኝ? ወረቀት ላይ የተሣለ ሽማግሌ ይደመጣል፤ ሶፋ ላይ የተቀመጠው ግን ሻዩን ጠጥቶ ዝም ይበል።

ሐሙስ ሌሊት ውኃ ጠማኝ። ጋቢዬን ደርቤ፣ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። የዚህ ቤት ማብሪያ ማጥፊያ በየቀኑ ቦታ የሚቀይር ይመስለኛል፤ ግድግዳ ስዳብስ ቆየሁና ያንን የምጠላውን ስልኬን አብርቼ፣ እጄን ከፍ አድርጌ ኮሪደሩ መሀል ቆምኩ። የልጅ ልጄ በሯን ከፈተች። አየችኝ። አፏን በእጇ ያዘች።

«አባባ! ዘጠነኛው!»

ሳልከለክላት ፎቶ አነሳችኝ። አምጪ እስቲ አልኳትና መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት። ለእናትሽ ላኪላት አልኳት፤ ለአዲስ አበባዎቹም።