ክረምትን በኮሎኝ

ቅናት ነው የምትሉ ካላችሁ ከወዲሁ እንተማመን፤ ቅናት አይደለም። መምህራችን ለክረምት ሥልጠና ጀርመን ከገቡ ወዲህ አገር ቤት የቀረነው ወዳጆቻቸውም አብረን እየሠለጠንን ነው። የሥልጠናው ርእስ «ተማሪን ያማከለ የማስተማር ዘዴ» ነው ተብሏል። ስለ ዘዴው እስካሁን የደረሰን ፎቶ የለም። ስለ ሆቴሉ ቁርስ ግን የቀረን ነገር የለም፤ ቺዙ ስንት ዓይነት እንደሆነ፣ እንቁላሉ በምን እንደሚቀርብ፣ ጭማቂው ከየትኛው ማሽን እንደሚቀዳ እኛን ጠይቁን።

ትምህርቱ የተጀመረው ቦሌ ላይ ነው። ፓስፖርትና ቦርዲንግ ፓስ ከፍ ተደርጎ የተያዘበት፣ «ጉዞ ወደ ዕውቀት» የሚል ጽሑፍ የታከለበት ፎቶ ተለጠፈ። ቀጥሎ የአውሮፕላን ክንፍ መጣ። ቀጥሎ ያው ክንፍ ከደመና ጋር። ወዲያው «አንበሳ!»፣ «ክበርልን ዶክተር!»፣ «ገና ምኑ ታይቶ!» ጎረፈ። መምህራችን ዶክተር አይደሉም። ፍራንክፈርት እስኪያርፉ ድረስ ግን ማንም አላረመም፤ ካረፉ በኋላ ደግሞ እሳቸውም ለማረም ጊዜ አላገኙም።

ይህን ፎቶ የሚያቃልል ሰው ቢኖር ቪዛ ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው። የድጋፍ ደብዳቤው፣ የባንክ ስቴትመንቱ፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው የጉዞ መድን፣ ከሰኔ 2016 ወዲህ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ያደገው የሸንገን ማመልከቻ ክፍያ፣ ሁሉም አለ። የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ደንቡን አጥብቆ፣ 15 ቀን የነበረውን የውሳኔ መጠበቂያ 45 አድርሶታል። በዚህ ሁሉ ወንፊት ያለፈ ሰው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ማስታወሻ ሲይዝ ይታይ ማለት ግፍ ነው። ማስታወሻ መያዝማ አዳማም ይቻላል።

ከፎቶዎቹ ሁሉ ያስተማረን የኮሎኙ ካቴድራል ነው። ሕንፃው 157 ሜትር ይረዝማል። መምህራችንን ከነግንቡ በአንድ ፎቶ ለማስገባት ፎቶ አንሺው መሬት ላይ የተጋደመ ይመስላል፤ ያም ሆኖ ጫፉ ተቆርጧል፣ መምህራችን ግን ሙሉ ናቸው። ከሥሩ «የሥራ ባህል ማለት ይህ ነው! እኛስ መቼ ይሆን?» ብለው ጽፈዋል። ካቴድራሉ እ.ኤ.አ. በ1248 ተጀምሮ በ1880 ነው የተጠናቀቀው፤ 632 ዓመት ማለት ነው። በመሀሉም ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ሥራው ቆሞ ክሬኑ ያላለቀው ግንብ ላይ ተገትሮ ነበር። በግቢያችን ቤተ መጻሕፍት አናት ላይ ተገትሮ የቀረውን ክሬን እያየን ኮንትራክተሩን ስንረግም ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው። ሰውየው ለካ የሥራ ባህል ይዞ ነው።

ስለ ባቡሩም ተምረናል። «እዚህ አገር ባቡር በሰከንድ አያዛንፍም፤ ለሰዓት ክብር አላቸው» የሚለው ትምህርት የተላለፈው ከጣቢያው መድረክ ነው። ፎቶ እያጎላ የማየት መጥፎ አመል ያለበት አንድ ወዳጃችን፣ ከመምህራችን ትከሻ በላይ ያለው ሰሌዳ ባቡሩ 45 ደቂቃ እንደሚዘገይ የሚናገር መሆኑን አሳየን። እንደዚህ ያለ ሰው ነው አገር የሚያፈርሰው። እርግጥ የጀርመን ባቡር ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮቹ በሰዓቱ የደረሱት ከመቶ 62.5 ብቻ እንደሆኑ አስታውቋል፤ ያውም ከስድስት ደቂቃ በታች መዘግየትን እንደ መዘግየት ሳይቆጥር። ግን እሱ ምን ያውቃል? መምህራችን በዓይናቸው ያዩትን ነው የጻፉት። ዓይናቸው ደግሞ ካሜራው ላይ ነበር።

ቦን ላይ ከቤትሆቨን ሐውልት ጋር «ከሙዚቃው አባት ጋር ስንወያይ» የሚል አለ፤ እሱን እንለፈው። የዶይቸ ቬለ ሕንፃ በር ላይ ቆመውም ተነሥተዋል። ስንቱ ኢትዮጵያዊ የአማርኛውን ዝግጅት በጆሮው ብቻ ሲያውቀው መምህራችን አጥሩን በዓይናቸው አዩት።

አንዳንድ ክፉ ሰዎች ጉዳዩ የውሎ አበል ነው ይላሉ። ውሸት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ በዩሮ የሚከፈል ሥልጠና ሁሉ ጥልቀቱ መጨመሩን ማን ይክዳል? ከዚያ በፊት ለመሳተፍ ሲያቅማሙ የነበሩ ከፍተኛ ባለሙያዎች ሳይቀሩ በድንገት ተማሪን ያማከለ ማስተማር ይጠማቸው ጀመር። ሲሄድ ሽሮና በርበሬ የሞላበት ሻንጣ ሲመለስ ቸኮሌት፣ ሽቶና ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ መምጣቱ ደግሞ የልምድ ልውውጥ በተግባር ነው፤ ሽሮው ሄደ፣ ላፕቶፑ መጣ።

እንዲያው ለንጽጽር አንድ ያልተሳካ የጀርመን ጉዞ ልጥቀስ። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ሮም ላይ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ወጣት ጀርመናዊ ጋር ተዋወቁና እ.ኤ.አ. በ1652 በመስፍን ኤርንስት ግብዣ ጎታ ድረስ ሄዱ። የሄዱትም ልክ እንደ መምህራችን በክረምቱ ነው። ታዲያ ምን ሠሩ? ሲያስተምሩ ከረሙ! ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ እሱ ይጽፋል። ከዚያ የተገኘው ነገር በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሆኖ ወጣ። ሰርተፊኬት የለ፣ ቸኮሌት የለ። ምስላቸው እንኳ ታትሞ የወጣው በ1691 ነው፤ እሳቸው በ1658 ባሕር ላይ ሰጥመው ከሞቱ ከ33 ዓመት በኋላ። ለወዳጅ የማይደርስ ፎቶ ምን ያደርጋል? የዛሬ ሠልጣኝ እኒህን ሰው አርአያ እንዳያደርግ አደራ።

መምህራችን ግን የሚያስቡልን ሰው ናቸው፤ ሲመለሱ የተሞክሮ ማካፈያ መድረክ ይኖራል። ባለፈው ዓመት ከሄዱት ወንድማችን እንደተማርነው ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ፓወር ፖይንቱ በካቴድራል ይከፈታል፣ በራይን ወንዝ ይዘጋል፣ መሀሉ ላይ ከበይነ መረብ የተቀዳ አንድ ሠንጠረዥ ይገባል። ከዚያ «እዚያ እኮ ተማሪው ነው የሚያስተምረው» ይባላል፤ ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ሻይ በብስኩት ይቀርባል። ሪፖርቱም ይገባል። ሪፖርቱን ለይቶ የሚያነብ ሰው ቢገኝ፣ የሌላ አገር ስም በአንድ ገጽ ላይ ሳይቀየር መቅረቱን ያይ ነበር። ግን ሁሉም ሰው እንደዚያ ፎቶ አጉሊ ወዳጃችን አይደለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አንድ ነገር ብቻ ትንሽ ከንክኖኛል። በክረምት ወደ ትምህርት የሚሄዱት መምህራችን ብቻ አይደሉም። ሐምሌ ሲገባ ከየወረዳው የሚመጡ መምህራን አሉ፤ ዓመቱን ሙሉ አስተምረው፣ በሶና ቆሎ ሸክፈው፣ ፍራሻቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው፣ ዲግሪያቸውን ለማሻሻል የሚመጡ የክረምት ተማሪዎች። ልጆች ያሳደጉ ሰዎች ናቸው፤ ዶርም ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ፣ ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ባልዲ ደቅነው ይተኛሉ። የእነሱም ጉዞ የክረምት ጥናት ጉዞ ነው። ልዩነቱ መድረሻው ላይ ነው፤ የእነሱ ኮሎኝ የመምህራችን ክፍል ነው።

ደረሱ፣ መምህራችን ግን የሉም። ኮርሱ ለአንድ ገና ለተቀጠረ ልጅ ተሰጠ። እሱም በሦስት ቀን ጨረሰላቸው፤ ጠዋት ሃንድአውት አንብቦ፣ ከሰዓት የቀረውን ፎቶ ኮፒ ቤት አስቀምጦ። የኮርሱ ስም፣ እመኑኝ፣ ተማሪን ያማከለ የማስተማር ዘዴ ነው። ክፍሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው ከነበሩት አንዷ፣ ሃያ ዓመት ያህል ያስተማሩ እናት፣ ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ሲሆን ቡድን ሥራ እንዴት እንደሚመራ ጠየቁት። ልጁ «እሱን መምህር ሲመለሱ በሰፊው ያብራሩታል» አላቸው። መምህራችን የሚመለሱት ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ እናቲቱ የሚሄዱት በነሐሴ አጋማሽ።

ታዲያ እኒያ እናት ዝም አላሉም። ልጃቸው ስልክ ላይ አሳይቷቸው መሰለኝ፣ በካቴድራሉ ፎቶ ሥር፣ ከ«አንበሳ» እና ከ«ክበርልን» መሀል ገብተው እንዲህ ጻፉ፦ «መምህር፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ሥላሴ በሰላም ይመልስዎ። ያለፈው ክረምት ውጤታችን አልተለጠፈም። ሬጅስትራር ሄደን ብንጠይቅ መምህሩ አላስገቡም አሉን። እባክዎ እዚያ ሆነው በኢሜይል ቢልኩልን።»

መምህራችን ወዲያው የልብ ምልክት አደረጉላቸው።