ለመተዋወቂያ ያህል

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ፎቶ ቤት የከፈትኩ ሰሞን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ባንድ አፍ መከረኝ፦ "መጀመሪያ በነፃ ሥራ። ሰው ይወቅህ። ከዚያ ይጎርፍልሃል።" የሥራ ፈጠራ አሠልጣኛችንም ያሉን ይህንኑ ነው። ሥልጠናው በክፍያ ነበር።

እውነትም በነፃ መሥራትን የመሰለ ነገር የለም። መልስ ጠፋ ተብሎ ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት አይሮጥም፤ ደረሰኝ አይቆረጥም፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ዜሮ ከዜሮ። ለካስ የመርካቶ ነጋዴ ይህን ሁሉ ዘመን ንግድ ሳያውቅ ኖሯል። ሽንኩርት ሻጯ መጀመሪያ መዝና፣ ብሯን ተቀብላ፣ መቀነቷ ውስጥ ከትታ ነው ሁለት ራስ ጣል አድርጋ "ምርቃት" የምትለው። ብርቱካን ሻጩም ቢያስቀምስ አንዲት ስንጣቂ ነው። እኛ ሠልጥነናል፤ ኪሎውን አስቀምሰን ስንጣቂዋን የሚገዛን እንጠብቃለን።

ሕጉም ቢሆን ወደ ኋላ ቀርቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ሠራተኛን እስከ 60 የሥራ ቀን መሞከር ይፈቅዳል፤ ግን ደመወዙን እየከፈሉ! ምን ዓይነት መተዋወቅ ነው ይሄ?

ከሁሉ የማደንቀው አንድ ሰውዬ አለ። የመክፈቻ ደንበኛ ብዬዋለሁ። በከፈትኩ ማግስት፣ የግድግዳው ቀለም ሳይደርቅ መጣ። "እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! እስቲ ለመተዋወቂያ ያህል አንድ ጉርድ።" አነሳሁት። ፀጉሩ አምሯል፤ ፊት ለፊት የተከፈተው ፀጉር ቤት ለመተዋወቂያ ቆርጦለታል። በሳምንቱ የልጁ ክርስትና ላይ ወሰደኝና አክስት፣ አጎት፣ የአክስት ልጅ እያሰለፈ አስነሳኝ። "ስምህን ጥጉ ላይ ጻፍበት፣ ማስታወቂያ ነው እኮ!" አለ። ጻፍኩ። ፎቶው ቲክቶክ ላይ ሲወጣ ጥጉ ተቆርጧል።

ሰውዬው አዲስ ሱቅ በሽታው ያውቃል። የመክፈቻ ፊኛ ከማዶ ሰፈር ይታየዋል። ቁርሱን አዲስ ጁስ ቤት ይቀምሳል፣ ምሳውን ምግብ ቤት ሲመረቅ ይበላል። ሱሪውን አዲስ ልብስ ሰፊ በነፃ አሳጥሮለታል፤ ያውም አንዱን እግር ብቻ፤ ለሌላኛው እግር ሌላ ልብስ ሰፊ እስኪከፍት በትዕግሥት እየጠበቀ ነው። ሠርጉም እንዲሁ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ዲኮሩ ሥራ ከጀመረች ሳምንት ካልሞላት ልጅ፣ ኬኩ ምድጃው ገና ከሚሞከር ኬክ ቤት፣ ዲጄው ማይክ ጨብጦ ከማያውቅ ጎረምሳ። ነባር የነበረችው ሙሽራይቱ ብቻ ናት። መሞቱም ቢሆን እንደ ማንም ድንገት አይሆንም፤ ሰፈሩ ውስጥ አዲስ የሬሳ ሣጥን ቤት እስኪከፈት ነፍሱን ይዞ ይቆያል።

የኔዋ ክፍል ከእኔ በፊት ሞባይል መጠገኛ ነበረች፤ ከዚያ ጁስ ቤት፤ ከዚያ ጥፍር መሥሪያ። ሦስቱንም ያውቃቸዋል። ከክፍሏ ጋር እንደሱ የቆየ ደንበኛ የለም፤ አምስት ሳንቲም ግን ጠብ አድርጎባት አያውቅም። "ጎበዝ ልጆች ነበሩ፣ ምን እንደነካቸው እንጃ" ይላል፣ ጉርዱን እያገላበጠ።

እናንተ ናችኋ የነካችኋቸው! በነፃ የመጣ ሰው ተመልሶ አይገዛም። ዋጋ ስትነግረው "ባለፈው በነፃ አልነበር እንዴ?" ብሎ ቀማኛ ያደርግሃል። ወረቀቱን በገንዘቤ ገዝቻለሁ፣ ቀለሙን በገንዘቤ ገዝቻለሁ፣ ከአክስቱ ፊት ላይ ጥላ ሳጠፋ እስከ ሌሊት አምሽቻለሁ። ክፈሉኝ።

ደግሞ ምክሩ እንዳይባክን ብዬ እኔም ሞክሬዋለሁ። አከራዬን "እትዬ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ለመተዋወቂያ ያህል…" ብዬ ሳልጨርስ፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው የስድስት ወር ቅድሚያ ያስከፈሉኝ ዕለት በደንብ መተዋወቃችንን አስታወሱኝ። የመብራት ቆጣሪውም ካርድ ካልተሞላበት አያውቀኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ዕቃዬን በካርቶን ሳሽግ ሰውዬው በር ላይ ቆመ። አንዱ እግሩ አሁንም መሬት ይጠርጋል።

"ውይ፣ ልትለቅ ነው? ማን ሊገባበት ነው?"

"የጥርስ ክሊኒክ ነው አሉ።"

ምላሱን በመንጋጋው ዞር ዞር አደረገ።

"መቼ ነው የሚከፈተው?"