«ማን ያየኛል?» ላልከኝ

ስልክ ጥገና ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ነው ነገሩ የተነሳው። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ከጓደኛው ጋር ሲከራከር ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ቪፒኤን አለኝ፤ ማን ያየኛል?»

የቪፒኤኑ ባለቤት ያይሃላ! ቴሌ እንዳያይህ ብለህ ዕቃህን ጠቅልለህ ለማታውቀው ሰው አስረከብክ። ማነው? የት ነው የሚኖረው? ይህን ሁሉ በነጻ የሚያመላልስልህ በምን ሒሳብ ነው?

«በ2015 እሱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?» አለኝ።

እውነት ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲዘጉ አገሩ ቪፒኤን ጭኖ ነው የከረመው። የተዘጋ በር ከፍቶልሃል፤ ሸሸገህ ያለህ ግን ማን ነው? መክፈቻና መደበቂያ ለየቅል ናቸው። ደግሞስ በጥቅምት መጨረሻ 2013 ትግራይ ላይ መስመሩ ከነጭራሹ ሲቆረጥ የትኛው ቪፒኤን ደረሰ?

ጓደኛው ገባበት። «ቴሌግራም አለ አይደል? እሱ ምስጢር ይጠብቃል።»

የትኛው ቴሌግራም? ሁልጊዜ የምትጽፍበት ተራው መስመር ድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ቁልፉም እዚያው ድርጅቱ ጋ ነው። ከምትጽፈው ውስጥ ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚቆለፈው ሚስጥራዊ ውይይት የሚሉት ብቻ ነው፤ እሱንም ራስህ ለይተህ ካልከፈትከው አይከፈትም። ግሩፑማ ጭራሽ የለውም። ሁለት ሺህ ሰው በተሰበሰበበት እየጻፍክ የምን ምስጢር ነው?

በዚህ መሃል የልጁ ተራ ደረሰ። ጠጋኙ ስልኩን ተቀብሎ «ፓተርኑ?» አለው። ልጁ በጣቱ አየር ላይ ሳለለት። ጠጋኙ ነጭ ፕላስተር ቆርጦ ዘጠኝ ነጥብ ነጠበበት፤ መስመሩን በእስክሪብቶ አገናኘና ስልኩ ጀርባ ላይ ለጠፈው። «ነገ አሥር ሰዓት ና» አለና ከሌሎች ስልኮች ጋር መስታወቱ ውስጥ ደረደረው። የሁሉም ጀርባ ላይ የየራሳቸው ፕላስተር አለ። ለመንገደኛ ሁሉ ይታያል። ቪፒኤኑ እዚያው ስልክ ውስጥ ነው፤ ቴሌግራሙም፣ የእናቱ ፎቶም። አላስችል ብሎኝ «ልጄ፣ ተመለስና ያንን ፕላስተር አስነሳ» አልኩት።

«ጋሼ ደግሞ! መንግሥት ስልክ ቤት አይመጣ። ስልኬንም መስበር አይችል።»

ለምን ይሰብረዋል? አንተው ትከፍትለታለህ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት መዝገብ «ኪዳኔ» ተብሎ የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ አለ። በ2005 ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፊንስፓይ የሚባል መሰለያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ ነበር ይላል ክሱ። በምን ገባ? በኢሜይል በመጣ የወርድ ሰነድ። ስካይፕ ያን ጊዜም ቢሆን ንግግሩን መንገድ ላይ ይቆልፈው ነበር፤ ሰላዩ ግን መንገድ ላይ መቆም አላስፈለገውም። ቤት ገብቶ ከማይክሮፎኑ ሥር ተቀመጠ። ሰውየው የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፤ የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 ክሱን ጣለው። በደሉ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም ነው ምክንያቱ። ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ለተሰለለ ሰው ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እሱ ብቻም አይደለም። በታኅሣሥ 2006 ሁለት የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሞከረባቸው። ሃኪንግ ቲም ከሚባል የጣሊያን ኩባንያ የወጣ መሰለያ ነው ብሎ ያጋለጠው የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ ነው። ፒዲኤፍ የሚመስል ፋይል በስካይፕ ይመጣል፤ ስትነካው ፒዲኤፍ አይደለም። ፊንስፓይ ደግሞ የተቃዋሚውን የግንቦት 7 ድርጅት ሰዎች ፎቶ መስሎ የመጣበት ጊዜም ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው።

«እንግዲያው ምንም አይጠቅምማ!» አለ ጠጋኙ ከውስጥ። «ደግሞ እኔ የምደብቀው የለኝም።»

አንተ ባይኖርህ የደወለልህ ሰው አለው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ሪፖርት የታሰሩ ሰዎች በምርመራ ላይ የገዛ ስልካቸው ቅጂ ሲከፈትላቸው እንደነበር ጽፏል፤ በተለይ ከውጭ አገር ቁጥር የተደወለው። ከውጭ የሚደውለው እኮ ልጅ ነው፣ ወንድም ነው! ተራ ጥሪና ኤስኤምኤስ ቴሌ እንዳያይ የሚከለክለው ምንም ነገር የለም። አይጠቅምም ላልከው ደግሞ፦ በ2008 አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ሲግናል የሚባለውን መልእክትና ጥሪ የሚቆልፍ መተግበሪያ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለ ደንበኛህ ያለህን አምጣ አሉት። አመጣ። አካውንቱ የተከፈተበትን ቀንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን። በቃ፣ ሌላ የለውም። ያላስቀመጠውን ከየት አውጥቶ ይስጥ?

ጠጋኙ አልተረታም። «ጋሼ፣ መቆለፉ ራሱ አያስጠረጥርም?»

ይሄኛው ያመኛል፤ እውነት አለውና። በግንቦት 2004 ቶር የሚባለው ማንነት መሸሸጊያ እዚህ አገር ሲዘጋ፣ የሚጠቀመው ሰው በመስመሩ ላይ ተለይቶ እየታየ ነው የተዘጋው። በሐምሌ 2006 በዞን ዘጠኝ ጦማርያን የሽብር ክስ ላይ መልእክት መቆለፊያ መማር እንደ ወንጀል ተጻፈባቸው። ቀድመው ከተለቀቁት የቀሩትን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ሲላቸው ከታሰሩ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸው ነበር። ቤቱን የቆለፈ ሁሉ ሌባ ነው የሚል ሕግ የት አለ? ግን ይኸውልህ፣ በሰፈሩ አሥር ሰው ብቻ ሲቆልፍ አሥሩ በስም ይታወቃሉ። ሰፈሩ በሙሉ ሲቆልፍ ማን ተለይቶ ይጠራል? የሚደብቀው የሌለው ሰው መቆለፍ ያለበት ለዚህ ነው፤ ለጎረቤቱ ሲል።

ልጁ ዝም ብሎ ሄደ ብዬ ነበር። ከደረጃው ተመልሶ መጣና ፕላስተሩን ላጠ፤ «ነገ ራሴ መጥቼ እከፍትልሃለሁ» አለው ጠጋኙን።

ዋሽንግተንም ሪያድም ያላችሁ፣ አገር ቤት ስትመጡ ለእናታችሁ ስልክ ላይ ሲግናል ጫኑላት፤ እንዴት እንደሚደወልም አጠገቧ ተቀምጣችሁ አሳዩአት። ሳትጠብቁት ሰነድ ከመጣላችሁ ደግሞ፣ የምታውቁት ሰው ስም ቢኖርበትም እንኳ፣ ከመክፈታችሁ በፊት ደውላችሁ «አንተ ነህ የላክኸው?» በሉት።