የአቶ ካሴት የሕይወት ታሪክ

ውድ ለቀስተኞች፣ ሐምሌ ነው፣ ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስም ድንኳኑን ሊወስደው ነው፤ ስለዚህ አላስረዝምም። እንደ ወጉ የሟችን የሕይወት ታሪክ ላንብብ።

አቶ ካሴት እ.ኤ.አ. በ1963 በበርሊን የሬዲዮ ዐውደ ርእይ ላይ ለሕዝብ ታዩ። አባታቸው የፊሊፕሱ መሐንዲስ ሉ ኦተንስ ናቸው። እኒሁ አባት ኋላ ሲዲ ሲሠራም እጃቸው ስለነበረበት፣ የሟችን ገዳይ ኮትኩተው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። አባትየው እ.ኤ.አ. በ2021 በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። ሟች ከሰፈራችን ከባልባላ ጋር እኩዮች ነበሩ። ፈረንሳዮች ጂቡቲ ከተማን በሽቦ ያጠሩት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ እንዳይገባ የተከለከለው ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ ሳንቃና ቆርቆሮ እየገጠመ ሰፈረ፤ ዛሬ ድንኳን የጣልነውም እዚያው ላይ ነው።

አገር ቤት በደርግ ዘመን የሸክላ ኅትመት ሲቀር ሟች ዙፋኑን ወረሱ። ጥላሁንን፣ ማሕሙድን፣ አስቴርን በደረት ኪሳቸው ይዘው በጋላፊ ድንበር በኩል ከሹፌሮቻችን ጋር እዚህ የከባድ መኪና ማቆሚያው ፔካ ዱዝ ድረስ ይወርዱ ነበር።

ግን የሟች ትልቁ ሥራ ዘፈን አልነበረም፤ ደብዳቤ ነበር። እዚህ ሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ የስልክ ዋጋ አይቀመስም፣ መጻፍም አይሆንላትም እንበል። ያረጀ የዘፈን ካሴት ታነሣለች፤ በአናቱ ላይ ጥርሶቻቸው የተሰበሩትን ሁለት ቀዳዳዎች በፕላስተር ትደፍናለች፤ ቴፑን ተውሳ ትናገራለች። በባቡር ወይም በከባድ መኪና ድሬዳዋ ይደርሳል። ከወር በኋላ ጀርባው ተሞልቶ ይመለሳል፤ እናት ሰላምታ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ ዶሮ ይጮኻል፤ ጎረቤት «እኔም ልናገር» ብላ ትገባለች፤ የጤፍ ዋጋ ይነገራል፤ ልቅሶ ይጀመራል። ልቅሶው ሳያልቅ የእናት ድምፅ ይቋረጥና ከሥር ያልጠፋው ጥላሁን ከግማሽ ዘፈኑ ይቀጥላል። ግቢው በሙሉ ተሰብስቦ ሰምቷል፤ እያለቀሰ የሳቀም ነበር።

ሙት አይወቀስም፤ ግን እውነቱ ይነገር። ሟች ድምፃቸው ሽሽ ይል ነበር። እዚህ አገር ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ ከተረሱ ተጣመው ይገኙ ነበር። የሚወዱት ዘፈን ላይ ሲደርሱ ቴፑ ክራቸውን ይበላዋል። ቢሆንም ሕመማቸው ምን እንደሆነ ማንም ያየው ነበር። የተበላውን ክር በጣት ስበህ፣ በእስክሪብቶ አጠንጥነህ፣ የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል ጥጥ ጠርገህ ትመልሳቸዋለህ። በመሐል ባለችው ትንሽ መስኮት ምን ያህል ክር እንደቀረ ታያለህ። የስድሳ ደቂቃው ካሴት በአንድ ፊት ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ስለነበረው፣ ተናጋሪው ቁም ነገሩን ሳያነሣ አያልቅበትም ነበር (ከእናቶች በቀር)። ዛሬ ስልካችን ሲታመም ምኑን እንደታመመ የሚያውቅ የለም፤ «አጥፍተህ አብራው» ነው መድኃኒቱ።

ወራሻቸው የዋትሳፕ ድምፅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 መጣ። ነጻ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የባሕር ማዶውን ልጅ ከእናቱ በየቀኑ ያገናኛል፤ ይህን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ድምፅ ማፍጠኛ ጨመሩለት። ከዚያ ወዲህ የእናቱን ምርቃት በእጥፍ ፍጥነት የሚያዳምጥ ሰው በየሰፈሩ አለ። ምርቃት በጥድፊያ ይደርሳል አይደርስም፣ ለነፍስ አባቶች እተወዋለሁ። ለእኔ ግን ነውር ነው።

አሁን ደግሞ ሟች አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ታዩ ይባላል፤ ወጣቶች በውድ ዋጋ እየገዟቸው ነው። የእኛው ሰው ከሆኑ ቪዛውን እንዴት እንዳገኙ ይጠየቁልን።

ቤተሰቡ ንፍሮም ሆነ ገንዘብ አይቀበልም። የሚለምነው ይህን ነው፦ ሣጥን ሥር የወላጅ ድምፅ ያለበት ካሴት ያለው ሁሉ፣ ማንም ዘፈን እንዳይቀዳበት በአናቱ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበር፣ ቀዳዳዎቹ በፕላስተር የተደፈኑ ከሆነም ፕላስተሩን ይላጥ፤ ንጹሕ ቴፕ ፈልጎ፣ ክሩ ሳይጣበቅ ዘንድሮውኑ ወደ ስልኩ ያስገልብጥ።