የአርባ ዓመቱ ጎረምሳ

ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በመንዟ መሐል ሜዳ፣ ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የሚያልፈውን ጎልማሳ ያየ ሁሉ ውርጩን የሸሸ ይመስለዋል እንጂ፣ ሽበት ከጀመረው ጢሙ ሥር የበቀለውን ብጉር ከሕዝበ ክርስቲያን ዓይን ለመሰወር መሆኑን አይጠረጥርም። ሽማግሎች «ስታገባ ይጠፋል» ብለውት ነበርና አገባ፤ ብጉሩ ግን ሥርዓተ ተክሊሉን በጨዋነት ካስፈጸመ በኋላ እንደ ቤተ ዘመድ እዚያው ከረመ። ቅቤ ቢቀባ የቆዳው ቀዳዳ ተደፈነ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅ የገዛው ቤታሜታዞንም (የእስቴሮይድ ነገር መቼም መግቢያው ያማረ ነው) ለጥቂት ቀን ፊቱን አብርቶ ኋላ ብጉሩን አበዛው። በመጨረሻ ሐኪም ቤንዞይል ፔሮክሳይድና አዳፓሊን አዝዞ «እስከ 12 ሳምንት ታገሥ» ቢለው፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ያለ ማጉረምረም የሚፈጽመው ይህ ምእመን፣ በሁለተኛው ሳምንት መድኃኒቱን ሐሰተኛ ብሎ አወገዘው።