ሲያደርጉት ይሰፋል

አዲስ አበባ ውስጥ ጫማ ሻጭ እግር አያይም። ፊት ያያል፣ የእጅ ሰዓት ያያል፣ የያዙትን ስልክ ያያል፤ ዋጋው የሚተመነው ከዚያ ነው። ስለ እግር ባለቤቱ የተናገረው ይታመናል። «42» ካሉ 42 ነዎት፤ 42 ካለቀ ደግሞ 41 ይሆናሉ።

እኔ ይህን ለመመርመር የበቃሁት ሐኪሜ የስኳር መጠኔ ጠርዝ ላይ መቆሙን ነግሮኝ «ይሩጡ» ስላለኝ ነው። ጉልበቴን የሚያክመው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በበኩሉ «ይሩጡ፤ ግን በልክዎ የሆነ የሩጫ ጫማ ሳይገዙ አይጀምሩ» አለና ሥርዓቱን አስጻፈኝ። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ጫማ የሚገዛው ወደ ማታ ነው። የሚለካው ቆሞ፣ ሊሮጡበት ባሰቡት ካልሲ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መትረፍ አለበት፤ ተረከዝ ግን መንሸራተት የለበትም። የብዙ ሰው ሁለት እግር እኩል ስላልሆነ የሚገዛው ለትልቁ ነው (የእኔ ቀኝ ከግራው ይበልጣል፤ ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ትንፍሽ አላለም)። በመጨረሻም ሮጥ ሮጥ ብሎ መሞከር።

መሥሪያ ቤት ይህን ሳወራ ከየጠረጴዛው የመጣልኝ መልስ አንድ ነው፦ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ የሮጠው?» በዚህች አገር ስለ ጫማ ማማረር የሚቻለው አበበ እስኪጠቀስ ድረስ ነው። እኔ ግን ነገሩን አጥንቼዋለሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው፣ እንደሚባለው፣ ከቀረቡለት ጫማዎች የሚመቸው አጥቶ ነው። ልክ ፍለጋ መንከራተትን ከእኔ በፊት የቀመሰው እሱ ነው ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ 2:15:16 የነበረውን ሰዓት ወደ 2:12:11 አወረደው። ሦስት ደቂቃ ከአምስት ሴኮንድ! የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ምስጋናውን ለቀዶ ሕክምናው ሊሰጡት ይችላሉ፤ እኔ ለጫማው ሰጥቻለሁ።

መጀመሪያ ቦሌ ሄድኩ። መስታወት፣ ሙዚቃ፣ መብራት። ቀኑን ሙሉ ሲያብጥ የዋለው እግሬ ዋጋውን ሲሰማ ሟሸሸ። ወደ መርካቶ ወረድኩ።

«ጋሼ፣ ለልጅዎ ነው?»

«ለራሴ።»

ልጁ ሳያዝንልኝ አልቀረም። ሰማያዊ ጫማ አውርዶ ግራውን ብቻ ሰጠኝ። ቀኙ መጋዘን ነው።

«ቀኙንም እፈልጋለሁ። ቀኝ እግሬ ይበልጣል።»

«ግራው ከሆነ ቀኙም ይሆናል፤ መንታ ናቸው።»

ጫፉን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግሁ። «ያዝ አደረገኝ።»

«ሲያደርጉት ይሰፋል።»

ሌላ አመጣ፤ ሰፋኝ። «ወፍራም ካልሲ ያድርጉበት።» መርካቶ ውስጥ ጠቦ የማይሰፋ፣ ሰፍቶ ካልሲ የማይሞላው ጫማ የለም።

«ኦሪጅናል ነው?»

«ኦሪጅናል ኮፒ ነው። ያንሱት እስቲ፣ ክብደቱን አያዩም?»

አነሳሁት፤ እውነትም ከባድ ነው። እኛ ዘንድ ከባድ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው፤ በር ይሁን ብርድ ልብስ። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 በርሊን ላይ በ2:11:53 ገብታ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር። እሱን እዚህ ቢያመጡት «ውስጡን ማን ወሰደው?» ይባላል።

«ሶሉስ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» አልኩ። ያለ ምክንያት አይደለም። በመስከረም 2014 ቪየና ላይ ደራራ ሁሪሳ ማራቶኑን አንደኛ ከጨረሰ በኋላ፣ የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከሚፈቀደው 40 ስለበለጠ፣ ድሉን ተነጥቋል። እኔን አንደኛ ወጥቶ የመሰረዝ አደጋ ባያሰጋኝም ሰው ይጠነቀቃል።

«ሚሊ ሜትር?» አለ ልጁ። «ጋሼ፣ እሱ ጎማ ተራ ነው።»

ሦስተኛው ግራ እግሬ ላይ ልክ ቁጭ አለ። ቀኙን አንድ ተላላኪ ከመጋዘን ይዞ መጣ፤ እሱም ልክ ሆነ። የቀረው ሩጫው ነበር።

ባልተከፈለበት ጫማ መርካቶ ውስጥ መሮጥ ምን እንደሚያሰኝ ሁለታችንም እናውቃለን። የራሴን ጫማ መያዣ አድርጌ ሱቁ ውስጥ ተውኩና ተነሳሁ፤ መያዣው አላረካውም መሰል ልጁም በነጠላ ጫማው አብሮኝ ተነሳ። በተሸካሚና በጋሪ መሀል እየተሽሎከለክን እንሮጣለን። እኔ አለከልካለሁ፤ እሱ ይደራደራል።

«መጨረሻውን ልንገርዎት?» መናገር አልቻልኩም። ዝምታዬን እንደ ጭካኔ ቆጥሮት ሦስት መቶ ብር ቀነሰ። አሁንም ትንፋሽ የለኝም። ጥጉን ስንታጠፍ «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎስ አይቻሉም!» እያለ ሌላ ሁለት መቶ ጣለ። በዕድሜዬ እንደዚያ ተከራክሬ አላውቅም። ጉልበቴ ቢፈቅድ እስከ አውቶቡስ ተራ ሮጬ በነጻ እወስደው ነበር።

ተመልሰን ከፈልኩና አወለቅሁ። ልጁ ካርቶን ውስጥ ሊከታቸው ሲያገላብጥ ክው አለ፤ ግራው 42፣ ቀኙ 43።

«ይቅርታ ጋሼ፣ መጋዘን ተሳስተው ነው። አሁኑኑ አስቀይራለሁ፤ ሁለቱንም 42 አደርግልዎታለሁ።»

ካርቶኑን ከእጁ ነጥቄ ሮጥኩ።

«ጋሼ!» ይላል ከኋላዬ፤ «ኧረ ጋሼ፣ የራስዎን ጫማ!»